ከጣርማ በር ወዲህና ወዲያ፦ በአንድ ሳምንት የሚለዋወጠው የደብረ ሲና ሰማይና የደመና አፈጣጠር

መምህር ዘደብረ ሲና (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በደብረ ሲና ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ደመና እንዴት እንደሚፈጠር ከመማሪያ መጽሐፋቸው አንብበዋል፤ ሆኖም በመጽሐፉ ያነበቡትን በክፍሉ መስኮት ከሚያዩት ጋር ለማገናኘት ተቸግረዋል። መጽሐፉ ስለ ባሕርና ስለ ሰፊ ሜዳ ይናገራል፤ እኛ ግን የምንኖረው በገደል አፋፍ ላይ ነው።

ያለፈውን ሳምንት ልግለጽላችሁ፤ በልግ በገባበት በሚያዝያ ወር እንዲህ ያለ ሳምንት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ብራ ሆኖ ዋለ፤ ከከተማው ዳር ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው የሸዋ ሮቢትን ሜዳና ከዚያ ማዶ ያለውን የአዋሽ ቆላ አሻግሮ ያይ ነበር። ማክሰኞ ጠዋቱ እንደዚያው ብሩህ ሆኖ ሳለ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ከበታቻችን ካሉት ሸለቆዎች ጉም ተነሥቶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ እስከማይታይ ድረስ ከተማውን ሸፈነው። ረቡዕ ጉሙ ሳይገለጥ ሲያካፋ ዋለ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ የተቀላቀለበት ዶፍ ወረደ። ዓርብ ከተማው ውስጥ ፀሐይ እያለ ደመናው ከበላያችን የጣርማ በርን ጫፍ ብቻ ይዞ ዋለ። ቅዳሜ ደግሞ ደረቅ ነፋስ ነፍሶ ሰማዩ ጠራ።

አረጋውያን «ደመናው ከቆላ ይወጣል» ይላሉ። ይህ አባባል ምን ያህል ትክክል ነው? ደብረ ሲና በጉም ተሸፍና ሳለ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው ስለምንድን ነው? ጥያቄው ለትምህርት ብቻ አይደለም። ስጥ የሚያሰጡ እናቶች፣ ከብት ወደ ገደል ግጦሽ የሚያወርዱ እረኞችና በመንገዱ የሚመላለሱ ሾፌሮች ሁሉ በየቀኑ የሚወስኑት ይህን ሰማይ አይተው ነው፤ በስልክ የሚመጣው ትንበያ ግን ብዙ ጊዜ ከከተማችን ሁኔታ ጋር አይገጥምም።

ታዛቢ ዘደብረ ብርሃን

የተከበሩ መምህር፣ እኔ በደጋው በኩል ለብዙ ዓመታት የዝናብና የሙቀት ልኬት በመመዝገብ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ጥያቄዎ በቀጥታ ይመለከተኛል። የአረጋውያኑ አባባል ከእውነቱ የራቀ አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ ሊጨመርበት ይገባል። ከቆላው የሚወጣው ዓይን የማያየው እርጥብ አየር ነው፤ ያ አየር ወደ ደመናነት የሚለወጠው ግን ገደሉን እየወጣ ወደ እናንተ ከፍታ ሲቃረብ ነው። የሳምንታችሁ መለዋወጥ ሁሉ ይህ ለውጥ በየትኛው ከፍታ ላይ እንደሚደርስ በማየት ሊገለጽ ይችላል።

የውሃ ተን ቀለም የለውም፤ በጠራው የሰኞ ሰማያችሁም ውስጥ ነበረ። አየር ሊይዘው የሚችለው የተን መጠን በሙቀቱ ይወሰናል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ተን ሊይዝ ይችላል፤ ይኸው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው 9 ግራም ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ ትርፉ ወደ ጥቃቅን ጠብታነት ይለወጣል። ይህ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት የጤዛ ነጥብ ይባላል፤ አየሩ ብዙ ተን በያዘ ቁጥር የጤዛ ነጥቡ ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ገደላችሁ እንምጣ። አየር ሽቅብ ሲወጣ ከላይ የሚጫነው የአየር ክብደት ስለሚቀንስለት ይስፋፋል፤ ለመስፋፋት የሚያስፈልገውንም ጉልበት ከራሱ ሙቀት ስለሚወስድ ይቀዘቅዛል። ገና ደመና ያልሆነ አየር በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ያጣል። የጤዛ ነጥቡም በየ1,000 ሜትሩ 2 ዲግሪ ገደማ ስለሚወርድ፣ ሁለቱ በየ1,000 ሜትሩ 8 ዲግሪ ያህል ይቀራረባሉ ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ሒሳብ ለተማሪዎችዎ በጣም የሚጠቅም ነው፦ ከታች በአየሩ ሙቀትና በጤዛ ነጥቡ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ልዩነት የደመናው ግርጌ 125 ሜትር ከፍ ይላል።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ሲና 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የጣርማ በር ማለፊያ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ከሰዓት በኋላ የሸዋ ሮቢት አየር ሙቀት 28 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡም 17 ዲግሪ ነው እንበል። ልዩነቱ 11 ዲግሪ ስለሆነ 11 በ125 ሲባዛ 1,375 ሜትር ይሰጣል፤ ይህ በ1,300 ላይ ሲጨመር የደመናው ግርጌ 2,675 ሜትር ላይ ይውላል። ይህ ከፍታ ደብረ ሲና ራሷ ናት፤ ከታች ሆኖ ለሚያይ ደመና የሆነው ነገር በውስጡ ለምትኖሩት ጉም ነው። የማክሰኞው ሁኔታ በዚህ ይገለጣል።

በተመሳሳይ ሙቀት የጤዛ ነጥቡ ወደ 14 ቢወርድ ልዩነቱ 14 ዲግሪ፣ የደመናው ግርጌም 3,050 ሜትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከተማው ፀሐይ ሲያገኝ ጉሙን የሚለብሰው የጣርማ በር አፋፍ ይሆናል፤ ይህም የዓርቡን ይመስላል። የጤዛ ነጥቡ ወደ 5 ዲግሪ የሚወርድበት ደረቅ ቀን ሲመጣ ደግሞ ግርጌው ከ4,100 ሜትር በላይ ይሆናል። ከዞናችን ተራሮች አቡዬ ሜዳ እንኳ 4,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያ አየር ገደሉን ወጥቶ ቢጨርስም ደመና ሳይሠራ ያልፋል፤ ሰኞና ቅዳሜ የታየው ብራ ይህ ነው። ሦስት ዲግሪ የማይበልጥ የእርጥበት ለውጥ የአንዲት ከተማን ቀን ከፀሐይ ወደ ጉም የሚለውጠው ከተማዋ የተቀመጠችበት ከፍታ በመደበኛው የደመና ግርጌ ላይ ስለሚውል ነው። ከፍ ወይም ዝቅ ብላ የተሠራች ከተማ ይህን ያህል መለዋወጥ አታይም ነበር፤ የደብረ ሲናን ሰማይ ለማጥናት የሚያጓጓ የሚያደርገውም ይህ ይመስለኛል።

አየሩን ሽቅብ የሚገፋው ምንድን ነው ለሚለው ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው የየዕለቱ ነው። ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ የገደሉን ፊት ስታሞቀው ከገደሉ ጋር የሚነካካው አየር ሞቆ ይነሣል፤ የሸለቆውም አየር ተከትሎት ይወጣል፤ ስለዚህ ጉሙ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ማታ ገደሉ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሮ ከደጋው ወደ ቆላው ይወርዳል፤ የሚወርድ አየር ስለሚሞቅ ጠብታዎቹ ይተናሉ፤ ንጋቱም ብራ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት ከየቀኑ የሰፋ ነው። በበልግ ወራት ከዓረብ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚነፍሰው እርጥብ የምሥራቅ ነፋስ የስምጥ ሸለቆውን ዳር ፊት ለፊት ይመታዋል፤ በላይኛው አየር ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያልፉ ዝቅተኛ የግፊት መስመሮች በጥቂት ቀናት ልዩነት ይመላለሳሉ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ዝናብ ይሆናል፤ ሲለያዩ የደረቅ ቀናት ጣልቃ ይገባሉ። በልግ ከክረምት ይልቅ የማይታመን ወቅት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መካኒክና ሾፌር፣ ሸዋ ሮቢት

በዚህ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ስለምነዳ የዋሻውን ጉዳይ ላረጋግጥላችሁ እወዳለሁ። ከሸዋ ሮቢት ስነሣ ከላይ የማየው ደመና ወፍራምና ነጭ ግድግዳ ሆኖ ከተራራው ጋር ተጣብቆ ይታያል፤ ደብረ ሲና ስደርስ ውስጡ እገባለሁ፤ ዋሻውን ካለፍሁ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ሰማዩ ይገለጣል። ደመናው ወደ ደብረ ብርሃን በኩል የማያልፍበትን ምክንያት እኔም መስማት እሻለሁ።

አዲስ ሾፌሮችን የምመክረው አንድ ነገር አለ። ጉም ውስጥ ሲገባ ረጅሙን መብራት ማብራት አይገባም፤ ጠብታዎቹ ብርሃኑን መልሰው ወደ ዓይን ስለሚበትኑት ከፊት ያለው ነጭ ብቻ ይሆናል። አጭሩን መብራት ወይም ዝቅ ብሎ የተተከለውን የጉም መብራት አብርቶ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ የመንገዱን ጠርዝ ተከትሎ መውረድ ይሻላል።

ዘመንዝ፣ መሐል ሜዳ

ወንድሞቼ፣ የተባለውን በሙሉ ደስ ብሎኝ አነበብሁ፤ ነገር ግን ገለጻው የሰሜን ሸዋን ሰማይ በሙሉ ከምሥራቅ በኩል ብቻ እንዲታይ ያደርጋል ብዬ እሠጋለሁ። እኛ በመንዝ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ሜዳ ላይ እንኖራለን፤ የወንዞቻችን ውሃ በአብዛኛው ወደ ጀማና ወደ ዓባይ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የሚያመጣልን ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ነው፤ ደመናውም ከዓባይ በረሃ በኩል ጠቁሮ ሲመጣ እናየዋለን። የምሥራቁን ጉም የምናውቀው ወደ ጓሳ አፋፍ ስንጠጋ ነው፤ እዚያ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ የጓሳው ሣር ዝናብ ሳይዘንብ በጉሙ ብቻ ረጥቦ ውሃ ሲያንጠባጥብ ይታያል።

የጉሙ እርጥበት ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በነፋስ የሚነዱት ጠብታዎች በሣሩ ቅጠልና በዛፉ ቅርንጫፍ ላይ እየተያዙ፣ እየተጠራቀሙ ወደ መሬት ይወርዳሉ፤ ይህ ውሃ በዝናብ መለኪያ ዕቃ ውስጥ አይገባም፤ ምንጭን ግን ይመግባል። በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ያለው የወፍ ዋሻ ደን ጽዱና ዝግባው በገደሉ ላይ እንደዚያ ለምልሞ የቆየው፣ ከቅርንጫፎቹም ረጅም የዛፍ ሽበት የሚንጠለጠለው፣ ከዝናቡ በተጨማሪ ጉም ስለሚጎበኘው ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ጉሙ መምጣቱን ባይተውም የሚያጠራቅመው ነገር ያጣል። ስለዚህ ስለ ደመና ስናወራ ስለ ደኑም ማውራት አለብን ብዬ አምናለሁ።

በእኛ በኩል በልግ ሲቀር የሚጠፋው የበልግ ገብስ ነው። በልግ ከሚዘራባቸው የአገሪቱ ክፍሎች መካከል መንዝ፣ ጣርማ በርና አንኮበር ስለሚገኙበት፣ «ዘንድሮ የምሥራቁ ነፋስ እርጥበት ይዞ ይመጣ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ቤት የእህል ጥያቄ ነው።

ሌላው የደመና ሥራ በበጋ ይታያል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ሲጠራ ሌሊት ውርጭ ይወድቃል፤ ደመና ያደረበት ሌሊት ግን አመዳይ አይታይም። መሬት ሌሊቱን ሙቀቷን ወደ ሰማይ ስትለቅ፣ ደመናው የሙቀቱን ከፊል ተቀብሎ መልሶ ስለሚልክላት፣ ልክ እንደ ብርድ ልብስ ይጠብቃታል። ገበሬው ባቄላው እንዳይመታበት ማታ ደመና ሲያይ የሚደሰተው ለዚህ ነው።

ታዛቢ ዘደብረ ብርሃን

የዘመንዝ ማሳሰቢያ ተገቢ ነው። ዞናችን የሁለት ተፋሰሶች ወገብ ነው፤ በአንድ በኩል የሮቢ፣ የቀበናና የከሰም ውሃ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በሌላ በኩል የበሬሳና የሞፈር ውሃ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ነፋሱም እንደ ወቅቱ ከሁለቱም ወገን ስለሚመጣ፣ አንዱ ወገን ዝናብ ሲቀበል ሌላው ተከልሎ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው።

ሾፌሩ ወንድማችን ላነሡት ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የምሥራቁ አየር አፋፉን ካለፈ በኋላ ደጋው ወደ ምዕራብ ቀስ እያለ ስለሚያዘቀዝቅ መውረድ ይጀምራል፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከማለፊያው ዝቅ ትላለች። የሚወርድ አየር ስለሚጨመቅ ይሞቃል፤ ጠብታዎቹም ወደ ተን ይመለሳሉ። ስለዚህ ከሩቅ ሲታይ በአፋፉ ላይ ሳይንቀሳቀስ የቆመ የሚመስለው ደመና በእውነቱ ሳያቋርጥ በምሥራቅ በኩል እየተፈጠረ በምዕራብ በኩል የሚጠፋ ነው፤ አየሩ በውስጡ ያልፋል፤ የደመናው ቅርጽ ብቻ በቦታው ይቀራል። ከዚህ በተጨማሪ የምሥራቁ እርጥብ አየር ብዙ ጊዜ ስስ ነው፤ ከበላዩ ሞቃትና ደረቅ አየር ሲጫነው ወደ ላይ ማደግና ደጋውን አልፎ መሄድ አይችልም።

የሐሙሱ ነጎድጓድ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። ተኑ ወደ ጠብታ ሲለወጥ ለመትነን የወሰደውን ሙቀት መልሶ ይለቃል፤ አንድ ኪሎ ግራም ተን ወደ ውሃ ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት 2.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ደመና ውስጥ የሚወጣ አየር በየ1,000 ሜትሩ የሚቀዘቅዘው ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ይሆናል። በዙሪያው ያለው የላይኛው አየር ከዚያ ይልቅ የቀዘቀዘ ከሆነ ደመናው ከአካባቢው እየሞቀ ራሱን በራሱ ሽቅብ ይስባል፤ ከሰዓት በኋላም የምሥራቁ የሸለቆ ነፋስና የደጋው የምዕራብ ነፋስ በአፋፉ ላይ ሲገናኙ መሄጃ የሚያገኙት ወደ ላይ ብቻ ስለሆነ ይህን እድገት ያጠናክሩታል። እንዲህ ሆኖ የሚያድገው ረጅሙ ደመና ኩሙሎኒምበስ ይባላል። ማክሰኞ የሸፈናችሁ ስስና ንጣፍ የሆነው የስትራተስ ወገን ነው። ለእነዚህ ስሞች መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1802 በለንደን ስለ ደመና ዓይነቶች ንግግር ያደረገው የመድኃኒት ቀማሚ ሉክ ሃዋርድ ነው፤ ኩሙለስ፣ ስትራተስና ሲረስ የሚለው ክፍፍሉ ተስፋፍቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በረዶው ስለምን እንደበዛ ተማሪዎችዎ ሳይጠይቁ አይቀሩም። በአገራችን አየሩ 0 ዲግሪ የሚሆነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ጠብታዎች ሁሉ ወዲያው አይረጉም፤ ብዙዎቹ ከ0 በታች ሆነው ፈሳሽ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ከበረዶ ቅንጣት ጋር ሲጋጩ ግን በላዩ ላይ ይረጋሉ። ሽቅብ የሚነፍሰው አየር ቅንጣቱን እያንሳፈፈ ሲያቆየው እየተደራረበበት ይተልቃል፤ አየሩ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወድቃል። ይህ በረዶ ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ከ3,000 ሜትር በላይ በሞቃት አየር ውስጥ መውረድ ስላለበት በመንገድ ይሟሟል፤ በደጋው ላይ ግን ርቀቱ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሳይሟሟ ማሳው ላይ ያርፋል። ደጋው በበረዶ የሚጎዳበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው።

መምህር ዘደብረ ሲና

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። የደመናው ግርጌ ሒሳብ ለክፍል የሚሆን ትልቅ ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ወጥተን ደመናው የጣርማ በርን ገደል የት ላይ እንደነካ አይተን፣ ወደ ኋላ በማስላት የሸዋ ሮቢትን የጤዛ ነጥብ ልንገምት እንችላለን፤ እዚያ ያሉ ዘመዶች የሙቀቱን ልክ በስልክ ከነገሩን ይበቃናል።

ሦስት ነገሮች ግን ቀሩኝ። ጠብታ ውሃ ከሆነ ደመናው የማይወድቀው ስለምንድን ነው? አየሩ ሲቀዘቅዝ ብቻውን ጠብታ ይሠራል ወይስ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል? የስልኩስ ትንበያ የማይገጥመው ለምንድን ነው?

ታዛቢ ዘደብረ ብርሃን

የመጨረሻውን በአጭሩ ልመልስ። በስልክ የምናየው ትንበያ በአብዛኛው የሚወጣው መላውን ዓለም በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍለው ከሚያሰሉ ኮምፒውተሮች ነው። ከእነዚህ መካከል በጥራቱ የታወቀው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ዋናው ሥሌት እንኳ የአንዱ ማዕዘን ስፋት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእናንተ ገደል 9 ኪሎ ሜትር ማለት ከወይና ደጋ ተነሥቶ እስከ ውርጭ አፋፍ የሚደርስ ርቀት ነው፤ ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ በአንድ አማካይ ከፍታ ስለሚያየው ጉሙ ከተማው ላይ ይውላል ወይስ ከተማውን አልፎ አፋፉ ላይ የሚለውን መለየት አይችልም። በአካባቢው ስላለው የእርጥበትና የነፋስ አጠቃላይ ሁኔታ ግን ጠቃሚ ነገር ይናገራል፤ የምሥራቅ ነፋስ እንደሚኖር ካመለከተ በልግ ላይ ለጉም መዘጋጀት ይገባል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣቸውን የወቅትና የአሥር ቀን መግለጫዎችም አብሮ ማየት ይረዳል።

ስለ መውደቅ፣ ደመናው ይወድቃል፤ ነገር ግን እጅግ ቀስ ብሎ ነው። ስፋቷ 0.02 ሚሊ ሜትር የሆነች የደመና ጠብታ በሴኮንድ የምትወርደው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሽቅብ የሚነፍስ አየር ያንሳፍፋታል። ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የዝናብ ጠብታ ግን በሴኮንድ ከ6 ሜትር በላይ ይወርዳል። አንዱ የዝናብ ጠብታ የተሠራው ከሚሊዮን ገደማ የደመና ጠብታዎች መሆኑን ሲያስቡ፣ ደመና ሁሉ ዝናብ የማይሆንበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል፤ ጠብታዎቹ በመጋጨት ወይም ከላይ እንደተባለው በበረዶ አማካይነት ካልተሰበሰቡ፣ ጉም እንደሆኑ ውለው ጉም እንደሆኑ ይተናሉ። የረቡዑ ካፊያ በግማሽ መንገድ ላይ ያለ መሰብሰብ ነበር።

ጠብታ እንዲፈጠር ተኑ የሚያርፍበት ቅንጣት ያስፈልገዋል። አቧራ፣ ጭስና ከባሕር የሚነሣ ጨው ይህን ሥራ ይሠራሉ፤ ፍጹም ንጹሕ በሆነ አየር ውስጥ ተኑ ከመጠን በላይ ሞልቶ እንኳ ወደ ጠብታ ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ቀላል ነው። ክዳን ባለው የሚለመጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩ፤ የተለኮሰ ክብሪት አጥፍተው ጭሱን ወደ ውስጥ ያስገቡና ክዳኑን ይዝጉ። ጠርሙሱን አጥብቀው ጨምቀው በድንገት ሲለቁት በውስጡ ያለው አየር ይስፋፋል፤ ይቀዘቅዛል፤ ጠርሙሱም በጉም ይሞላል። እንደገና ሲጨምቁት አየሩ ስለሚሞቅ ጉሙ ይጠፋል። ያለ ጭስ ቢሞክሩት ጉሙ እጅግ የሳሳ ይሆናል። የመጨመቁና የመልቀቁ ልዩነት ከጣርማ በር ወዲያና ወዲህ ያለው ልዩነት ነው።

ለሒሳቡ የጤዛ ነጥቡን ከታች በልኬት ማረጋገጥ ከፈለጉ ሁለት ቴርሞሜትር በቂ ነው። የአንዱን ጫፍ በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ሁለቱንም ጥላ ውስጥ ያራግቡ፤ ከጨርቁ የሚተነው ውሃ ሙቀት ስለሚወስድ እርጥቡ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ሸዋ ሮቢት ላይ ደረቁ 28፣ እርጥቡ ከ20 ትንሽ ከፍ ቢል የጤዛ ነጥቡ 17 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ሰንጠረዥ በእናንተ አካባቢ የአየር ግፊት ላይ ሲሠራበት የጤዛ ነጥቡን ግማሽ ዲግሪ ገደማ ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ የደመናውን ግርጌ ከ60 ሜትር በላይ ከፍ ያደርግብዎታል፤ ስለዚህ የከፍታውን ግፊት የሚቀበል ሰንጠረዥ ይጠቀሙ። ደግሞም ሒሳቡ የሚሠራው ፀሐይ ሸለቆውን አሙቃ አየሩ ከታች እስከ ላይ በሚደባለቅበት ከቀትር በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ንጋት ላይ በሸለቆው ግርጌ ተኝቶ የሚታየው ጉም ሌሊት በቅዝቃዜ እዚያው የተፈጠረ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይሰላም።

ዘመንዝ፣ መሐል ሜዳ

ይህን ልኬት ከጀመራችሁ እኛም ከጓሳ አፋፍ በኩል ጉሙ የደረሰበትን ከፍታ በየቀኑ እየመዘገብን እንልክላችኋለን። ጓሳ ከጣርማ በር ወደ ሰሜን ስለሆነ፣ የምሥራቁ ነፋስ በሁለቱ ላይ በአንድ ቀን መድረሱንና አለመድረሱን ማነጻጸር ይቻላል።

መምህር ዘደብረ ሲና

እጅግ ደስ ይለኛል። ተማሪዎቹን በሁለት ቡድን ከፍዬ አንደኛው የገደሉን ጉም፣ ሁለተኛው የሸዋ ሮቢትን ልኬት እንዲይዝ አደርጋለሁ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወሰደውን ንባብ በዚሁ ገጽ ላይ አሰፍራለሁና የእናንተንም በተመሳሳይ ሰዓት እንድትወስዱልን እጠይቃለሁ።